«ቲኬት ነው» እየተባለ የሚመጣ ወንጀል

አማርኛ አሜሪካ ገብቶ ከተዋሳቸው ቃላት ሁሉ «ቲኬት» የሚለውን ያህል ሰው የጎዳ የለም። የማቆሚያ ሒሳብ ባልተከፈለበት መኪና መስታወት ላይ የሚሰካው ወረቀት ቲኬት ነው። ካሜራ አንስቶ በፖስታ የሚልከው ቅጣት ቲኬት ነው። ቦሌ የሚያደርሰው የአውሮፕላን ወረቀትም ቲኬት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በ66 ሀይዌይ ላይ በሰዓት 86 ማይል ሲከንፍ የተያዘ ሰው ከፖሊስ እጅ የሚቀበለው ወረቀትም በሐበሻ አፍ ያው «ቲኬት» ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተከፍለው ያልቃሉ። አራተኛው ግን የወንጀል ክስ መጥሪያ ነው።

ይህ ማጋነን አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ አንቀጽ 46.2-862 የሚለው ግልጽ ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ የነዳ፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው «ሬክለስ ድራይቪንግ» በሚባል ጥፋት ይከሰሳል። ይህ ጥፋት በቨርጂኒያ ተራ ደንብ መተላለፍ አይደለም፤ የአንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር፣ ማለትም ወንጀል ነው። የቅጣቱ ጣሪያ 12 ወር እስር፣ 2,500 ዶላር መቀጫ፣ እስከ 6 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ ነው። በዚያው ግዛት ሰውን መደብደብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰክሮ ሲነዱ መያዝ፣ ከሱቅ አነስተኛ ዕቃ መስረቅ የሚመደቡት በዚሁ ደረጃ ነው።

ቁጥሩ በአገር ቤት ልክ ሲታይ 85 ማይል ማለት 137 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት 70 ማይል ስለሆነ፣ 70 በሚፈቅድ መንገድ ላይ በ86 የሄደ ሰው ወሰኑን ያለፈው በ16 ማይል ብቻ ቢሆንም ወንጀለኛ ተብሎ ይከሰሳል። ሰው ደግሞ ሬክለስ የሚሆነው በሀይዌይ ብቻ ይመስለዋል። 35 ማይል በሚፈቅድ የሰፈር መንገድ ላይ በ55 የነዳም በዚሁ አንቀጽ ይያዛል። 55 ማይል 88 ኪሎ ሜትር ነው። ማታ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከሥራ ወደ ቤት ሲጣደፉ፣ እግር ሳያስበው የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በሺዎች የሚቆጠር ሐበሻ ታክሲ፣ ኡበር፣ ሊፍትና የጭነት መኪና እየነዳ በሚያድርበት አካባቢ፣ ይህን ያህል ከባድ ነገር እንዴት «ቲኬት ነው፣ አትጨነቅ» ተብሎ ይታለፋል?

ከቡና ቤት የሚሰጥ የሕግ ምክር

የሚታለፈው በ«አዋቂው» ምክንያት ነው። አዋቂው በሁሉም ቦታ አለ። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቡና ሲጠጣ ይገኛል፤ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይገኛል፤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ይገኛል። ከ20 ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ሄዶ ስለወጣ ጠበቃ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ምክሩን ሲሰጥም አይጠራጠርም። ምክሮቹ አራት ናቸው፤ አራቱም ሰው ገደል የሚከቱ ናቸው።

አንደኛው «ክፈልና ተገላገል» የሚለው ነው። ሬክለስ ድራይቪንግ እንደ ተራ ፍጥነት ቅጣት አስቀድሞ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ተከፍሎ የሚዘጋ አይደለም። መጥሪያው ላይ የተጻፈው ቀን የፍርድ ቀን ነው። «መክፈል» ማለት በተግባር ዳኛ ፊት ቆሞ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚገኘው ደረሰኝ ብቻ አይደለም፤ የወንጀል መዝገብም አብሮ ይመጣል። በዲኤምቪ መዝገብ ላይ 6 ነጥብ ይመዘገባል፤ ፍርዱም እዚያ 11 ዓመት ይቀመጣል። የወንጀል መዝገቡ ደግሞ የዲኤምቪው 11 ዓመት ስላለቀ አብሮ የሚጠፋ አይደለም። መቀጫው በአንድ ቀን ተከፍሎ አልቆ፣ ኢንሹራንሱ ግን ለዓመታት ሲከፈል ይኖራል።

ሁለተኛው «አትሂድ፣ ፖሊሱም አይመጣም» የሚለው ነው። ፖሊሶች የያዟቸውን ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ሰብስበው ስለሚያስቀጥሩ፣ የሥራ ቀናቸው አድርገው ይመጣሉ። ባይመጣ እንኳ ዳኛው ቀጠሮ ሊለውጥ ይችላል። የቀረው ተከሳሽ ግን ሁለት አደጋ አለበት። ዳኛው በሌለበት ሊፈርድበት፣ ወይም እንዲያዝ ትእዛዝ ሊያወጣበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ልጁን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲሄድ፣ ለተቃጠለ የኋላ መብራት ብቻ ያስቆመው ፖሊስ እጁን ወደ ኋላ አስሮ ይወስደዋል። በወንጀል ተከስሶ መቅረት ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል መሆኑን አዋቂው አይነግረውም፤ ስለማያውቅ።

ሦስተኛው «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ግን ምክንያትህን አስረዳ» የሚለው ነው። ይህ ሰው አክባሪ፣ ትሑት፣ ይቅርታ ወዳድ ሆኖ ካደገ ሕዝብ የመጣ ምክር ስለሆነ ልብ ይነካል። ዳኛ ፊት ግን «ልጄ ታሞ ነው»፣ «ሥራ ረፍዶብኝ ነው»፣ «ሁሉም እንደዚያ እየነዳ ነበር» የሚለው ሁሉ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ነድቻለሁ ማለት ነው። ምክንያት የቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ወንጀሉን ግን አያስቀረውም። ይህ ስሕተት የሚጀምረው ከመንገድ ዳር ነው። ፖሊሱ «በስንት ትነዳ እንደነበር ታውቃለህ?» ሲል «ዘጠና ገደማ መሰለኝ» ብሎ የመለሰ ሰው፣ ራዳሩ ሳይጠየቅ ራሱ ላይ መስክሯል። ስምና ሰነድ መስጠት፣ ጨዋ መሆን ግዴታ ነው፤ መጥሪያው ላይ መፈረም ጥፋትን ማመን አይደለም፣ እቀርባለሁ ማለት ብቻ ነው። ስለ ፍጥነቱ መልስ መስጠት ግን ግዴታ አይደለም። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው።

አራተኛው «ራዳር የሚጠቁም ዕቃ ግዛ» የሚለው ነው። ይህ መሣሪያ በቨርጂኒያ የተከለከለ ነው። ከአንዱ ጥፋት ለማምለጥ ሌላ ጥፋት ዳሽቦርድ ላይ ሰቅሎ መንዳት ማለት ነው።

አዋቂው ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ የሚያውቀው የሌላ ቦታና የሌላ ዘመን ሕግ መሆኑ ነው። በብዙ ግዛቶች ይኸው ፍጥነት በመቀጫና በነጥብ ያልፋል። አገር ቤትም ትራፊክ መንጃ ፈቃድ ይዞ ይሄዳል፣ ባለ መኪናው ቅጣቱን ከፍሎ ያስመልሳል፣ ነገሩ ያበቃል። አዋቂው ቨርጂኒያን በዚያ መነጽር ያያታል። የሚቀጣው ግን እሱ አይደለም፤ ያመነው ሰው ነው።

የሚከፍለው ማነው?

ቢሮ የሚውል ሰው በሬክለስ ቢፈረድበት ይጎዳል፤ ቤቱ ግን አይዘጋም። እንጀራው መሪ ላይ የሆነ ሰው ግን ሌላ ነው። በቅርብ ዓመታት ሬክለስ ድራይቪንግ የተፈረደበት ሰው ለኡበርና ለሊፍት ዓይነት ሥራ የመዝገብ ማጣሪያውን አያልፍም። ለጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ የፌዴራል ደንብ አለ። ከወሰን በ15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍም ሆነ ሬክለስ «ከባድ ጥፋት» ተብለው ይቆጠራሉ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከተቆጠሩ ሲዲኤሉ ለ60 ቀን፣ ሦስት ከሆኑ ለ120 ቀን ይታገዳል። ደግሞም ፍርድ ቤት ለሲዲኤል ባለቤት ጥፋቱን ሸፍኖ ከመዝገብ እንዳይገባ ማድረግ አይፈቀድለትም። ለሌላው የሚሠራው «ትምህርት ወስደህ ይሰረዝልህ» ለእሱ አይሠራም። የጭነት መኪናውን በብድር ለገዛ ሰው ሁለት ወር መቆም ማለት ምን እንደሆነ ባለቤቱና ቤተሰቡ ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለው ሰው ነው። ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. ቲፒኤስ በተባለው ጊዜያዊ ከለላ ውስጥ ስትገባ ብዙ ሰው እፎይ ብሎ ነበር። የቲፒኤስ ሕግ ግን በአሜሪካ ምድር በሁለት ሚስዲሚነር የተፈረደበትን ሰው አይቀበልም። የሚቆጠረውም የተፈረደው እስራት ሳይሆን ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ ያልታሰረ ሰው፣ መቀጫ ብቻ ከፍሎ የወጣ ሰው፣ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ስለተያዘ ብቻ ከለላውን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ነው «ቲኬት ነው» የሚሉት።

ግሪን ካርድ ያለውም ዜግነት ሲጠይቅ «ተይዘህ፣ ተከሰህ፣ ተፈርዶብህ ታውቃለህ?» ይባላል። ሬክለስ በራሱ የዜግነትን በር ይዘጋል ማለት አይደለም። «ቲኬት ስለሆነ አልጻፍኩትም» ያለ ሰው ግን ጥፋቱን ወደ ውሸት ያሳድገዋል። ውሸት ደግሞ በኢሚግሬሽን ፊት ከፍጥነት እጅግ የከበደ ነው። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የወንጀል ጠበቃ የውጭ ዜጋ የሆነ ደንበኛውን ስለ ኢሚግሬሽን መዘዙ ማስጠንቀቅ እንዳለበት ወስኗል። ይህን መብት የሚጠቀምበት ግን ጠበቃ የያዘ ብቻ ነው። ጠበቃ ሳይዝ «ጥፋተኛ ነኝ» ያለ ሰው የሚያስጠነቅቀው ማን ነው?

የሙግት ልጆች ዝምታ

የሚያሳዝነው ነገር ይህ ዝምታ የሙግት ባህል ካለው ሕዝብ መምጣቱ ነው። በድሮ ዘመን ተከራካሪዎች ነጠላቸውን አጣፍተው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ አንደበት አሳምረው፣ ዋስ ጠርተው፣ ከታች ዳኛ እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ሲሉ ኖረዋል። «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገደኛ እግሩን የሚተክልበት አገር ነበር። ያ ሕዝብ ዛሬ የቨርጂኒያ ችሎት ፊት ቆሞ፣ የሚጠየቀውን ሳይሰማ «የስ፣ የስ» እያለ በደቂቃዎች ውስጥ ወንጀለኛ ሆኖ ይወጣል።

ለምን? አንዱ እፍረት ነው። «ፍርድ ቤት ተመላለሰ» እንዳይባል ይሸሸጋል፤ ለሚስቱ እንኳ አይነግርም። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ገበያ የሚያስገዛ፣ ደንበኛ የሚያጫውት እንግሊዝኛ ችሎት ፊት አይበቃም። ሕጉ ይህን ያውቃል። በወንጀል ጉዳይ እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ተከሳሽ አስተርጓሚ ይመደባል፤ የሚከፍለውም ግዛቱ ነው። ከቀኑ አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት «የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል» ማለት ብቻ ነው የሚፈለገው። ሐበሻው ግን «እንግሊዝኛ አይችልም ይሉኛል» ብሎ ይህን ይተወዋል። በነጻ የቀረበለትን መብት ለኩራቱ ሲል ይጥለዋል። ኩራቱ ግን በመዝገቡ ላይ አይጻፍለትም፤ የሚጻፈው ፍርዱ ነው።

ሦስተኛው አለማወቅ ነው። ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ምን እንደሚያይ አያውቅም። ፖሊሱ የተጠቀመበት ራዳር ወይም ሌዘር በትክክል መሥራቱ በስድስት ወር ውስጥ የተመረመረ መሆኑን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት መኖር አለበት። የተከሳሹ መኪና ፍጥነት መለኪያ ራሱ ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ ጋራዥ አስመርምሮ ወረቀቱን ማቅረብ ይቻላል። ንጹሕ የመንዳት መዝገብ ከዲኤምቪ አውጥቶ ማሳየት ይቻላል። ሳይታዘዙ በፊት የ8 ሰዓት የመንዳት ማሻሻያ ትምህርት ወስዶ መቅረብ ይቻላል። ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ ይህን አይቶ ክሱን ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ወይም «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» ወደሚባለው ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የኋለኛው ወንጀል አይደለም፤ 3 ነጥብና እስከ 500 ዶላር መቀጫ ያለው የደንብ ጥፋት ነው። በ«ወንጀለኛ» እና «ደንብ ተላላፊ» መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ትምህርት ቤት የመዋል ያህል ነው። 100 ማይል ላለፈ ሰው ግን እስራት የምር ስለሆነ፣ ያለ ጠበቃ መቆም ራስን መጣል ነው።

ፍርዱም ከወጣ በኋላ ነገሩ አልሞተም። ከጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ፍርድ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ እዚያም ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። 10 ቀን ግን 10 ቀን ነው። በ11ኛው ቀን አዋቂው ቢመክር አይጠቅምም።

ሕጉስ ንጹሕ ነው?

እስካሁን ወቀሳው በማኅበረሰቡ ላይ ነበር። ሕጉ ግን ነጻ አይወጣም።

አንድ ሰው ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብ ካጣና እስራት የሚያሰጋው ከሆነ ፍርድ ቤት ጠበቃ ይመድብለታል። መልካም። ነገር ግን የቨርጂኒያ ሕግ ለዳኛው አንድ መውጫ ሰጥቶታል። ከፍርዱ በፊት «በዚህ ጉዳይ እስራት አልፈርድም» ካለ፣ ጠበቃ ሳይመድብ ክሱን መስማት ይችላል። ተከሳሹ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ «አልታሰርም» ብሎ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ልብ ያላለው ነገር ጠበቃው ሲቀር ወንጀሉ አለመቅረቱን ነው። የወንጀል መዝገቡ ያው ነው፤ 6 ነጥቡ ያው ነው፤ የኢሚግሬሽን መዘዙ ያው ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የተያዙ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ይታሰብ። አንዱ ለጠበቃ የሚከፍለው አለው። ጠበቃው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ይነጋገራል፣ የራዳሩን ወረቀት ይመረምራል፣ ክሱ ወደ ደንብ ጥፋት ይወርዳል። ሌላው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ዓይኑ ቀልቶ፣ ብቻውን ቆሞ፣ ወንጀለኛ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱን የለያቸው ፍጥነታቸው አይደለም፤ ኪሳቸው ነው። ኪስ እያየ የሚለይ ሕግ መንገድን አያስከብርም።

መንግሥት ይህ ጥፋት ወንጀል ለመባል የሚበቃ ከባድ ነው ካለ፣ ለድሃው ተከሳሽ ጠበቃ ይስጠው። ጠበቃ ለመመደብ የማይበቃ ቀላል ነው ካለ ደግሞ ወንጀል ብሎ አይጥራው። ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ ፍትሕ አይባልም።

«ፍጥነት ይገድላል» ለሚሉት

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ትክክለኛ ነው። «ሕጉ ጠንካራ የሆነው ሰው እንዳይሞት ነው፤ አጥፊን ለማምለጥ ምክር መስጠት ተገቢ አይደለም» የሚል ነው።

ፍጥነት ይገድላል። ይህን ለመካድ የሚደፍር ካለ ፊዚክስን ይጠይቅ። ከ60 ማይል ወደ 85 የጨመረ ሰው የፍጥነቱን ግማሽ እንኳ አልጨመረም፤ መኪናው ተሸክሞ የሚሄደው የግጭት ጉልበት ግን እጥፍ ሆኗል። ትርፉስ? ከደለስ አየር ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን መሐል ከተማ ወደ 26 ማይል ነው። በ60 የሚነዳ 26 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ85 የሚነዳ 18 ደቂቃ። ትርፉ 8 ደቂቃ አይሞላም፤ ያውም መንገዱ ጭር ብሎ አንድም መብራት ካልያዘው። ለ8 ደቂቃ ሲል የራሱን ልጆችና የሰው ልጆች በአደጋ ላይ የጣለ ሰው መቀጣት አለበት። ማንም ኡበር ነጂ ስለሆነ፣ ማንም ስደተኛ ስለሆነ ከዚህ አይዘለልም። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ እግርን ማቅለል ነው፤ ጠበቃም አይጠይቅም፣ አስተርጓሚም አይፈልግም።

ነገር ግን መቅጣት አንድ ነገር ነው፣ የዕድሜ ልክ ስም ማጥፋት ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድን ማገድ፣ ከባድ መቀጫ መጣል፣ ትምህርት ማስገደድ፣ ነጥብ መቁጠር፣ እነዚህ ሁሉ ነጂውን ከመንገድ ያርቃሉ ወይም ያስተምራሉ። 86 ማይል ለነዳ ሰው የመደብደብን ያህል የወንጀል ስም መስጠት በዚያ ላይ ለመንገዱ ደኅንነት ምን ይጨምራል? ደግሞም ተከሳሽ ራሱን መከላከሉ ከቅጣት ማምለጥ ተብሎ አይጠራም። ዳኛው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ እንዲፈርድ ማድረግ ነው። ፖሊስ የጻፈው ሁሉ ያለ ጥያቄ ፍርድ የሚሆንበትን አገር ሸሽቶ የመጣ ሰው ለዚህ ማስረዳት የሚያስፈልገው አይመስልም።

ሕግ ተራራ አይደለም

«ታዲያ ምን ይደረጋል? ሕጉ ሕግ ነው» የሚሉም አሉ። የቨርጂኒያ የራሷ ታሪክ ግን ሌላ ይላል።

በ2007 ግዛቷ በከባድ የመንገድ ጥፋት ላይ ከመቀጫው ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ጫነች፤ ለሬክለስ ድራይቪንግ 1,050 ዶላር። የሚከፍለውም የቨርጂኒያ ነዋሪ ብቻ ነበር፤ ከሌላ ግዛት መጥቶ ያጠፋ አይከፍልም። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ፊርማ አሰባሰበ፣ እንደራሴዎቹን አስጨነቀ። በ2008 ሕጉ ተሻረ፤ የተከፈለውም ተመለሰ። መቀጫ መክፈል ያልቻለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ይታገድ ነበር፤ ድሃ ሥራ ሄዶ ዕዳውን እንዳይከፍል መኪናውን መቀማት ማለት ነው። ያም በ2019 በበጀት ማሻሻያ ቆመ፤ በ2020 በሕግ ጸና፤ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች ነገሩ ነክቷቸዋል። የሬክለሱ ጣሪያ ራሱ እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ 80 ማይል ነበር። ወደ 85 ከፍ ያለው አንድ ሰው ተናግሮ፣ ሌላው ሰምቶ፣ ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶበት ነው።

በሰሜን ቨርጂኒያ ድምፅ የሚሰጥ ብዙ ኢትዮጵያዊ አለ። ምርጫ ሲመጣ እጩዎች እንጀራ ለመብላት ሬስቶራንት ይገባሉ፣ ጋቢ ይለብሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይጠየቃሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ግን ከእነዚያ እጩዎች መካከል «ወንጀል ብለህ የምትከሰው ሰው ሁሉ ጠበቃ ይኑረው» ተብሎ የተጠየቀ ስንቱ ነው? ስለ አራት ኪሎ የሚጮኸው ጉሮሮ ስለ ሪችመንድ ለምን ይዘጋል? መንጃ ፈቃዱን የሚይዘው፣ ኢንሹራንሱን የሚያስወድደው፣ ልጆቹን የሚያስርበው ሕግ የሚጻፈው ሪችመንድ ነው።

የእድር ገንዘብ ለቀብር ብቻ?

ሰው ሲሞት ማኅበረሰቡ ያስደንቃል። በጥቂት ቀን ውስጥ ገንዘብ ተሰብስቦ አስከሬን አገር ቤት ይሸኛል። ሰው በሕይወት እያለ እንጀራው ሲወሰድ ግን ዝም ይባላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት በየሠርጉ ይጠቀሳል፣ ለመንጃ ፈቃድ ግን አልዋለም።

አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ እድሮችና የሾፌሮች ማኅበራት በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል? አማርኛ የሚናገር ጠበቃ ጠርተው መጥሪያ እንዴት እንደሚነበብ፣ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የ10 ቀኑ ይግባኝ ምን እንደሆነ ቢያስረዱ፣ በአንድ ስብሰባ ብዙ ቤት ይድናል። ከማኅበረሰቡ ወጥተው ሕግ የተማሩ ልጆችም ዕዳ አለባቸው። ወላጆቻቸው ሌሊት እየነዱ ያስተማሯቸው፣ ያው ሌሊት ነጂ ችሎት ፊት ብቻውን ሲቆም ሊያዩት አይገባም።

መጥሪያ የደረሰው ሰውም የሚያደርገው አለ። ወረቀቱን በአማርኛ ሳይሆን በተጻፈበት ቋንቋ፣ የአንቀጽ ቁጥሩን ጭምር፣ በሚረዳ ሰው ያስነብብ። 46.2-862 የሚል ካለ ወይም «ሬክለስ» ከተባለ፣ ቲኬት የሚለውን ቃል ከአፉ ያውጣው። ቀኑን ይመዝግብ፤ አይቅር። ጠበቃ ያማክር፤ አቅም ካጣ ፍርድ ቤት እንዲመድብለት ይጠይቅ፤ «እስራት የለም፣ ጠበቃም የለም» ከተባለ ግን መዝገቡ እንደሚቀር አውቆ፣ የመጣውን ያህል ተበድሮም ቢሆን መካሪ ይፈልግ። ዜጋ ካልሆነ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ «ጥፋተኛ ነኝ» አይበል። አስተርጓሚ ይጠይቅ። የመንዳት ትምህርቱን አስቀድሞ ይውሰድ። እስከዚያው ድረስም በዝግታ ይንዳ፤ ሁለተኛ መጥሪያ ይዞ ችሎት የቀረበን ሰው የሚያድን ጠበቃ ብዙ አይገኝም።

አዋቂው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ «ቲኬት ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል» ሊል አፉን ሲከፍት፣ አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ሰው «ወንጀል ነው፤ ጠበቃ ይዘሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ያችን አንድ ጥያቄ በጊዜ የሰማ ሰው ቤቱንም መንጃ ፈቃዱንም ይዞ ሊያድር ይችላል።